ከጥልቀቱ ይልቅ ስለ ነፋሱ ጠይቁ

ልጆቻቸውን ዊንድሰርፊንግ (ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ኃይል ውሃ ላይ መንሸራተት) ለማስተማር ወደ ጥብርያዶስ ባሕር የሚያመጡ የአገሬ ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ውሃው ጥልቀት ነው። ጥያቄው የወላጅ ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሐይቁ መካከሉ ላይ 40 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። ላይፍ ጃኬት ለለበሰ ልጅ ግን ሦስት ሜትርም አርባ ሜትርም አንድ ነው። እኔን በየቀኑ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋ ነው።

ደቀ መዛሙርቱ በማዕበል እንደተጨነቁ ወንጌል የሚተርከው በዚሁ ውሃ ላይ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በኮረብታዎች መካከል ይገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጠዋት ውሃው ረጋ ይላል። ቀኑ ሲሞቅ ከሜዲትራኒያን የሚነሣው አየር የገሊላን ኮረብታዎች ተሻግሮ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከቀትር በኋላም ምዕራባዊው ነፋስ ይበረታል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሸራውን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ሸራውን በደንብ የያዘ ልጅ፣ ነፋሱ 30 ሲደርስ ሸራው ከእጁ ይፈለቀቃል።

ስለዚህ የምንነሣበትን ዳርቻ በጥንቃቄ እመርጣለሁ። በጥብርያዶስ ከተማ በኩል፣ በምዕራቡ ዳርቻ፣ የገባን ጀማሪ ይህ ምዕራባዊ ነፋስ ወደ ሐይቁ መካከል ይዞት ይሄዳል። ዳር ዳሩን ውሃው ጸጥ ብሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይታለላል። በዔን ጌቭ በኩል፣ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ያው ነፋስ ልጁን ወደ መሬት ይመልሰዋል። በቀዝቃዛው ወራት ከጎላን የሚወርደው ምሥራቃዊ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

ጋል ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ለእስራኤል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው በዚህ ስፖርት ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወዲያው መፍጠን ያምራቸዋል። እኔ ግን መመለስን አስቀድማለሁ፦ ዞሮ መምጣትን፣ ከዚያም ሲያቅት እርዳታ መጥራትን። «ሸራው ከከበደህ ውሃው ላይ ተወው፤ ነፋሱ ቶሎ እንዳይወስድህ ይይዝሃል። ሰሌዳው ላይ ተቀመጥና ሁለት እጆችህን ወደ ጎን ዘርግተህ ከፍ ዝቅ አድርግ። ሰሌዳህን ትተህ ለመዋኘት ፈጽሞ አትሞክር» እላቸዋለሁ። ሰሌዳው አይሰምጥም፤ በማዕበል መካከል ከአንድ ሰው ራስ ይልቅ ሰሌዳ ከሩቅ ይታያል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አሠልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ዛሬ ነፋሱ ከየት ወዴት ይነፍሳል? የነፍስ አድን ሞተር ጀልባ ተዘጋጅቷል? ልጄ ቢደክም በምን ይመለሳል? አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።