የግላዲያተር ጨዋታና የአዊ ፈረስ

ፈረስ ያለው የአዊ አባት በጥር ወር ልጁን ወደ ጉግስ ሜዳ ይዞ ለመውጣት ሲሰናዳ፥ ልጁ በእጅ ስልኩ ውስጥ የጥንት ሮማ ሰይፈኛ ሆኖ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲፋለም ቢያገኘው ምን ያደርጋል? ስልኩን ይንጠቀው ወይስ ይተወው? ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ሁለቱም ጨዋታዎች የጦርነት አምሳያዎች ናቸውና፥ ከመፍረድ አስቀድሞ ጠጋ ብሎ መመርመር ይገባል።

በኢንተርኔት መረብ ከሚገኙት እንዲህ ካሉት ጨዋታዎች መካከል ግላዲያቱስ የሚባለው የታወቀ ነው። ያወጣውም በ2003 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የተቋቋመው ጌምፎርጅ የተባለው ኩባንያ ነው። ለመጫወት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የመረቡን ገጾች ሁሉ በምንከፍትበት በተለመደው መቃኛ ይገባበታል። ተጫዋቹ ለራሱ ስም ያወጣል፤ ሰይፍና ጥሩር ይገዛል፤ ጕልበቱንና ቅልጥፍናውን በወርቅ ያሳድጋል፤ ከዚያም ከሌላ ተጫዋች ጋር ወደ ፍልሚያው አደባባይ ይወጣል። ይሁን እንጂ ሰይፉን የሚያነሣው የእርሱ ክንድ አይደለም። የማን ምት እንዳረፈና ማን እንደ ረታ መኪናው ራሱ አስልቶ በጽሑፍ ያስታውቀዋል፤ ተሸናፊውም ከወርቁ ከፍሎ ለአሸናፊው ይለቃል። መግቢያው በነፃ ነው፤ ቶሎ ለመበልጸግ የሚቸኩል ግን ቀይ ዕንቍ የሚባለውን በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ወላጅ ከሰይፉ ይልቅ ይህንን ቢጠባበቅ ይሻላል።

እውነተኞቹ ግላዲያተሮች እነማን ነበሩ ያልን እንደ ሆነ፥ በሮማ ከተማ መጀመሪያ የተፋለሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ264 ዓመት በአንድ ባለ ማዕርግ ቀብር ላይ የቀረቡት ሦስት ጥንድ ሰዎች ናቸው። ኋላ ግን ነገሩ ሰፍቶ፥ በ80 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ኮሎሲየም 50 ሺህ ያህል ተመልካች እስኪይዝ ድረስ ታላቅ ትርኢት ሆነ። ከተፋላሚዎቹም አብዛኞቹ ባሮች፥ ምርኮኞችና የተፈረደባቸው ወንጀለኞች ነበሩ። በአንድ ጌታ ሥር የሚሠለጥነው የተፋላሚዎች ጭፍራ በላቲን ቋንቋ ፋሚሊያ፥ ማለት ቤተ ሰብ፥ ይባል ነበር፤ ስለ ቤተ ሰብ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ላይ መጻፉ ራሱ የሚከብድ ቃል ነው። ከእነርሱም አንዱ ስፓርታኩስ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ73 ዓመት ሰባ ያህል ጓደኞቹን ይዞ ከካፑዋ ማሠልጠኛ አምልጦ ሮማን ሁለት ዓመት ያህል አስጨንቋል። በአደባባዩ ስሙ የገነነ ግላዲያተር ከዚያ ሥራ ሲሰናበት የእንጨት ሰይፍ ይሰጠው ነበር።

የእንጨት መሣሪያ ሲነሣ የኛው ጉግስ ትዝ ይላል። በጉግስ አንዱ ፈረሰኛ ይሸሻል፥ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይሰነዝራል፥ ሸሺውም በጋሻው ይመክታል። ሮማዊው የእንጨቱን ሰይፍ የሚይዘው ከጨዋታው ሲወጣ ነበር፤ የኛው ሰው ግን ዘንጉን ይዞ ይገባበታል፤ ሲገባም ማንም ሳያስገድደው በገዛ ፈረሱ ነው። በ1932 ዓ.ም. በ32 ሰዎች የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፥ ዛሬ አባላቱ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሲሆን፥ በዐድዋ ለዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በዚያም ቀን የፈረሱ ጌጥ፥ ሽምጥ ግልቢያውና ጉግሱ ተመልካችን የሚያስደንቅ ነው። ከበዓሉም ውጭ ለቀስተኛው ሟችን የሚሸኘው በፈረስ ነው፤ ሠርጉም በፈረስ ይደምቃል፤ የተጣላም በሽማግሎቹ ይታረቃል።

ስለ ስምም አንድ ነገር እንጨምር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። የመረቡ ተጫዋች በሚያወጣው ስም ይሸሸግበታል፤ ባለ ፈረሱ ግን በፈረሱ ስም አገር ያውቀዋል።

በዚያው በግላዲያቱስ ጨዋታ፥ ተጫዋቹ ወርቅ ሲያልቅበት በጋጣ ሠራተኝነት ሊቀጠር ይችላል። ሰዓቱን ቈርጦ ይቀጠርና ስልኩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሲነቃ ደመወዙ ይጠብቀዋል! በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ፈረስ እንዲህ አይያዝም። ማለዳ ውሃ ይሻል፤ ገብስ ይሻል፤ ኮቴው ይታያል፤ ኮርቻው ጀርባውን እንዳይልጠው በየጊዜው ይመረመራል፤ ጋጣው ይጠረጋል። ይህንንም የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ያው ስልክ የያዘው ልጅ ነው።

ከዚህም ሌላ ፈረስ ማኖርን ያከበደ ምክንያት አለ። አዲስ ቅዳም ከተማዋ የሆነችው ፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት የታወቀች ናት። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቈርጦ ያከስለዋል። ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። በዚህ ሥራ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፥ ብዙ ልጅም ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዛፉ ሲሰፋ ግጦሹ ጠበበ። የልጁ ስልክ የተገዛበት ገንዘብና ፈረሱ ያጣው መስክ ከአንድ ዛፍ የመጡ ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በቅርብ ዓመታትም ዛፉን በሽታ ገብቶበት ገበሬውን እያሳሰበ ነው።

ስለዚህ ልጁን ብቻ መውቀስ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ፈረስ የሌለው ሰው ልጅ በጥር 23 ከሜዳው ዳር ቆሞ ተመልካች ነው፤ የመረቡ ጨዋታ ግን ገብስም መስክም ሳይጠይቅ ያስገባዋል፥ በማኅበርም አደራጅቶ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ያዛምደዋል። ይሁንና ያ ደጅ በሌላ ሰው እጅ ያለ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ በስልክ የሚጫወት ሁሉ የሰበሰበው ወርቅ ከመረቡ ማዶ ቀርቶበት ነበር። አባት የቻለ እንደ ሆነ የጨዋታውን ሰዓት ይወስን፤ ዕንቍ የሚገዛበትንም ገንዘብ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይንገረው። ግጦሽ ያለው ደግሞ ውርንጭላ ሰጥቶ ስሙን ልጁ ራሱ እንዲያወጣለት ያድርግ።