የእግርና የምንቃር ጉዳት ያለባቸውን ዶሮዎች በቤት ስለመንከባከብ

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች በርካታ ቤተሰቦች በግቢያቸው ጥቂት ዶሮዎችን ያረባሉ። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም የተሻሻሉ ዝርያዎችን የሚያረቡ የከተማ ነዋሪዎች አሉ። ከዶሮዎቹ አንዷ እግሯን ስትጎትት ወይም ምንቃሯ ተጣሞ ስትገኝ አርቢው ብዙውን ጊዜ ወይ ወዲያው ያርዳታል፣ ወይ ገበያ አውጥቶ ይሸጣታል። ከሁለቱም በፊት ግን ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ጉዳቱ የአካል ብቻ ነው ወይስ የሚተላለፍ በሽታ ምልክት? የአካል ጉዳት ብቻ ያለባት ዶሮ ተገቢው እንክብካቤ ከተደረገላት እንቁላል እየጣለች ልትኖር ትችላለች። በሽታ ከሆነ ግን የዘገየ ውሳኔ ግቢውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

በቅድሚያ በሽታ አለመሆኑን ማረጋገጥ

ፈንግል የያዛት ዶሮ አንገቷ ሊጠማዘዝ፣ ክንፎቿ ሊወድቁና እግሮቿ ሊሽመደመዱ ይችላሉ፤ አረንጓዴ ቅዘን ትቀዝናለች፣ አፏን ከፍታ ለመተንፈስ ትታገላለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ዶሮዎች ተከታትለው ከታመሙ ወይም ከሞቱ ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም።

የማሬክስ በሽታ ግን በዝግታ ስለሚመጣ ያሳስታል። ጤነኛ መስላ ያደገች ቄብ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ትተኛለች፤ አርቢውም ወድቃ የተሰበረች ይመስለዋል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከላባ በሚረግፍ ብናኝ የሚተላለፍ ሲሆን በዶሮ ቤት አቧራ ውስጥ ለወራት ይቆያል። መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለች በመጀመሪያው ቀን በመሆኑ፣ ጫጩት ወይም ቄብ የሚገዛ ሰው ይህ ክትባት መሰጠቱን ከሻጩ መጠየቅ ይገባዋል። ለፈንግልም ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ ግን ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ በየጊዜው መደገምም አለበት።

ጥርጣሬ ካለ ዶሮዋን ለብቻ ማቆየት፣ ጤነኞቹን አስቀድሞ መግቦ የታመመችውን በመጨረሻ ማየት፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። በተለይ በእንቁጣጣሽና በመስቀል ሰሞን የዶሮ ግብይት ስለሚደራ፣ የምታነክስን ዶሮ ምክንያቱ ሳይታወቅ መሸጥ በሽታውን ወደ ሌላ ቤተሰብ መላክ ሊሆን ይችላል። የሞተች ዶሮ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት መቀበር አለባት።

የአካል ጉዳት ሲሆን

በተፈለፈለ በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን የተከፈቱ ጫጩት ብዙውን ጊዜ የሚያዳልጥ ወለል የጎዳው ነው። ጋዜጣና ፕላስቲክ ማንጠፍ ለዚህ ይዳርጋል፤ በምትኩ ሸካራ ጨርቅ ወይም ደረቅ የጤፍ ጭድ ይመረጣል። ሁለቱን እግሮች ጫጩቱ በተፈጥሮ በሚቆምበት ስፋት ለስላሳ ፕላስተር ይዞ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ይረዳል። ማሰሪያው ደም እንዳያግድ በየቀኑ መታየት አለበት። ይህ የሚሠራው አጥንቱ ሳይጠነክር ነው፤ ላደገች ዶሮ አይጠቅምም።

የእግር ጣቶች ወደ ውስጥ መጠቅለል ከቫይታሚን ቢ2 እጥረት ሊመጣ ይችላል። የቆጮ ፍርፋሪ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ በእሱና በፉርሽካ ብቻ የሚያድግ ጫጩት የሚጎድለው ብዙ ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ግን በዚህ ቫይታሚን የበለጸገ ሲሆን በአብዛኛው ይደፋል። ትኩስ አጓት ከመኖ ጋር በመጠኑ ማራስ፣ የጎመን ቅጠል መክተፍ፣ የኑግ ፋጉሎ መጨመር በማንኛውም ቤት ሊደረግ የሚችል ነው። የራሰ መኖ ግን ስለሚሻግት ሊያድር አይገባም። ጣቶቹ ከተጣመሙ የቆዩ ከሆነ መኖ ብቻውን አያቃናቸውም።

በእንቁላል ጣይ ዶሮ ላይ የሚታይ የእግር ድካም የካልሲየም እጥረት ሊሆን ይችላል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል፤ ዶሮዋ ይህን ከመኖዋ ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅሎና አድርቆ፣ አድቅቆም ለብቻው በዕቃ ማቅረብ ይቻላል።

ምንቃሯ የተጣመመ ዶሮ መሬት ላይ የተበተነ ጥሬ መልቀም አትችልም። ጠለቅ ባለ ዕቃ፣ በትከሻዋ ቁመት ልክ፣ የተፈጨና የራሰ መኖ ይቅረብላት። ከሌሎቹ ጋር ተሻምታ ስለማትጠግብ ለብቻዋ መመገብ አለባት። ጉዳቱ በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል እንቁላሏን ለምግብ እንጂ ለማስፈልፈል መጠቀም አይመከርም። ዓይኗ ለጠፋ ዶሮ መኖና ውኃ ዘወትር በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ቦታውን ትለምደዋለች። የምታነክስ ዶሮ ቆጥ ላይ መውጣት ስለማትችል የምታድርበት ጉዝጓዝ ደረቅ መሆን ይኖርበታል፤ እርጥብ ከሆነ የእግሯ መዳፍና ደረቷ ይቆስላል።

መብላትና መጠጣት የተሳናትን፣ ሕመሟም የማይቀንስን ዶሮ ማሰቃየት አይገባም፤ ውሳኔው ከባለሙያ ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ወደ ባለሙያ ሲኬድ

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል በመሆናቸው ተገልጋዮች በየራሳቸው ከተማ የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መጠየቅ ይችላሉ። የዶሮዋ ዕድሜ፣ የተገዛችበት ቦታ፣ የወሰደችው ክትባት፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀንና በግቢው የሞቱ ዶሮዎች ብዛት ተመዝግቦ ቢቀርብ ምርመራውን ያፋጥናል። ፈንግል ሲጠረጠር ዶሮዋን በታክሲ ወይም በባጃጅ ይዞ ከመሄድ አስቀድሞ ለባለሙያው ማሳወቅ ይሻላል። ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ከገበያ የተገዛ አንቲባዮቲክ ለዶሮ መስጠት አይገባም፤ መድኃኒት የታዘዘላት ዶሮ ደግሞ ባለሙያው የሚወስነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ እንቁላሏም ሥጋዋም አይበላም።