ምጥ ላይ ያለች እናት አጠገቧ ማን ይሁን?

በገጠሩ የሀገራችን ክፍል ምጥ የአንዲት ሴት ብቻ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ምጡ መጀመሩ ሲሰማ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ወገቧን የሚደግፍ፣ ላቧን የሚጠርግ፣ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ የሚማጸን አይጠፋም። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን በብዙ ቦታ አጃቢዎቿ ከማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ይቀራሉ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚከናወን ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበረበት 10 በመቶ በ2019 ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። አሁንም ቤታቸው መውለድን ከሚመርጡት መካከል «እዚያ ብቻዬን እሆናለሁ» የሚለው ስጋት የሚያስቀራቸው አሉ።

በሌሎች ሀገራት ይህን ክፍተት የምትሞላ የሠለጠነች የወሊድ አጋዥ አለች፤ «ዱላ» ትባላለች። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ በትር ቢመስልም ምንጩ ግሪክኛ ነው፤ ትርጉሙም አገልጋይ ሴት ማለት ነው። ሥራዋን ላየ ግን ምርኩዝ ቢላትም አያስወቅስም። ዱላ አዋላጅ ነርስ አይደለችም፤ መድኃኒት አትሰጥም፣ ልጅ አትቀበልም። ከእናቲቱ ሳትለይ ወገቧን ታሻለች፣ ስትንቀሳቀስ ትደግፋለች፣ ውኃ ታቀምሳለች፣ የሚያስፈልጋትን ለባለሙያው ትናገርላታለች።

ጥቅሙ ከማጽናናት ያልፋል። ማህፀን እንዲኮማተርና ምጡ እንዲገፋ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ነው። ላም ወተቷን እንድትለቅ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የደነገጠች ላም ወተቷን እንደምትይዝ ያለበ ሁሉ ያውቃል፤ ንጽጽሩን እናቶች ይቅር ይበሉና፣ በሰውም ብርቱ ፍርሃት ምጡን ሊያዳክመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኮክሬን ግምገማ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች መርምሮ፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ባገኙት ዘንድ በቀዶ ሕክምና መውለድ እንደሚቀንስና ምጡም እንደሚያጥር አመላክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ማንኛዋም ወላድ የመረጠችው ሰው በምጥና በወሊድ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይመክራል።

ለዚህ የግድ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። እናት፣ እህት፣ ባል ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ምርጫው ግን የወላዷ ነው። አማቷ አጠገቧ ስትቆም የምትሳቀቅ ሴት ጥቂት አይደለችም። በመንደር ሲያዋልዱ የኖሩ የልምድ አዋላጆችም የማጽናናት ጥበባቸው በጤና ጣቢያ ቢውል መልካም ነበር፤ ማዋለዱን ለባለሙያ ትተው።

አጋዥ ልታደርገው የማይገባም አለ። ሆድ መጫን፣ ባህላዊ መድኃኒት ማጠጣት፣ ጊዜው ሳይደርስ «ግፊ» እያሉ ማስጨነቅ ለእናትም ለልጅም አደጋ ነው። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም መንቀጥቀጥ ሲታይ ባለሙያ ወዲያውኑ መጠራት አለበት። ልጁ ከተወለደ በኋላም ገንፎውና እልልታው እናቲቱን ማስረሳት የለባቸውም፤ ብዙ ደም መፍሰስ በአጭር ጊዜ ሕይወት ይቀጥፋል፤ ቀድማ የምታየውም አጠገቧ ያለችው አጋዥ ልትሆን ትችላለች።

አንዳንድ ተቋማት ሰው የማያስገቡት በአንድ ክፍል ብዙ ወላዶች ስለሚተኙ ነው። ስጋቱ እውነት ቢሆንም በአልጋዎች መካከል የሚዘረጋ መጋረጃ ብዙውን ያቃልላል። ነፍሰ ጡር እናት በቅድመ ወሊድ ክትትሏ ወቅት ማን አብሯት መግባት እንደሚችል ከወዲሁ ብትጠይቅ ይበጃል። ቤቷ ሩቅ ከሆነና የእናቶች ማቆያ ባለበት ጤና ጣቢያ የምትወልድ ከሆነ፣ የመረጠችውን ሰው ይዛ ቀኗ ሳይደርስ ብትገባ ምጡ በመንገድ ላይ አይይዛትም።