ሀምበሪቾ በበልግ፤ ከቀትር በፊት መውረድ

ዱራሜ ላይ ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ በቲሸርት ሲንቀሳቀስ ያየ እንግዳ «እስቲ ምሳ በልቼ ሀምበሪቾን ልውጣ» ቢል አይፈረድበትም። ተራራው ከፊቱ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ 777 ደረጃም ተሠርቶለታል። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ደረጃ ነው። ደረጃ ያዘናጋል። የሚወጣው ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነ ጫፍ መሆኑን ያስረሳል። የበልግ ሰማይ ደግሞ ደረጃ ተሠርቷል ብሎ አይራራም።

በሚቲዎሮሎጂ አቆጣጠር በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ለሀዲያና ለከምባታ ገበሬ በቆሎና ድንች የሚተከልበት፣ እንሰቱም የሚለመልምበት ወቅት ነው። ተጓዡ «ምነው ባልዘነበ» የሚልበትን ዝናብ ባለ ማሳው ሲለምነው የከረመ ነው። እርጥበቱ የሚመጣው በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረቢያ ባሕር፣ በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ተጭኖ ነው። አልፎ አልፎ ከሜዲትራኒያን አቅጣጫ በከባቢ አየሩ ከፍታ ላይ የሚዘልቅ ቀዝቃዛ አየር ሲገናኘው ዝናቡ ይበረታል፤ ያ ሲቀር ደግሞ ለቀናት ጥርት ይላል። የበልግ ዝናብ እንደ ክረምቱ የማይታመነው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ፀሐይ አለች። ሆሳዕናና ዱራሜ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ሚያዝያ ሲጠባ የቀትር ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። መሬቱ በኃይል ይግላል፤ የጋለው መሬት እርጥቡን አየር ከሥሩ ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ሽቅብ ይሄዳል። ተራራ ባለበት ደግሞ ጉዞው ይፈጥናል፤ ፀሐይ ያገኘችው ተዳፋት በአካባቢው ካለው አየር ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ጎኑን ታክኮ ወደ ጫፉ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ደመና ከከተማው ሰማይ ይልቅ ከተራራው አናት ላይ የምትታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደመናው በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚጀምር አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ሽቅብ የሚሄድ አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመው ተን ወደ ጠብታ የሚለወጥበት የሙቀት ልክ፣ ማለትም የጤዛ ነጥብ፣ ደግሞ በዚያው ርቀት የሚቀንሰው 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍታ የደመናው ወለል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከሙቀቱ ላይ የጤዛ ነጥቡን ቀንሶ በ125 ማባዛት። ከተማው ውስጥ ሙቀቱ 24፣ የጤዛ ነጥቡ 16 ነው እንበል። ልዩነቱ 8 ነው፤ በ125 ሲባዛ 1,000 ሜትር ይሆናል። ከተማው በ2,000 ሜትር አካባቢ ከሆነ ደመናው በ3,000 ሜትር ላይ ይጀምራል ማለት ነው፤ የሀምበሪቾ አናት በጉም ተከናንቧል። የጤዛ ነጥቡ 12 ቢሆን ኖሮ ጫፉ ጉም ሳይነካው በዋለ። ብዙዎቹ የስልክ የአየር ትንበያዎች የጤዛ ነጥብን ያሳያሉ፤ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

ጉም መንገድ ያጠፋል እንጂ በራሱ አይገድልም። የሚያስፈራው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተን ጠብታ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት አየሩን ከአካባቢው ይበልጥ ያሞቀውና እንደገና ሽቅብ ይገፋዋል። ከቀትር በፊት እንደ ባዘቶ ተቆልላ የነበረችው ነጭ ደመና በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ልትቆም ትችላለች። ሥሯ ይጠቁራል፣ በውስጧ በረዶ ይፈጠራል፣ የበረዶው ፍጭት የኤሌክትሪክ ሙል ያከማቻል። በበልግ ነጎድጓድ የሚበዛው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ 6 ሰዓት ላይ ወርዶ ተራራው ሥር መገኘት የጥንቃቄ እንጂ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም።

ዝናቡ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ቀዝቃዛ ነፋስ ድንገት ሽው ይላል፤ የእርጥብ አፈር ሽታም ይዞ ይመጣል። ይህ ከደመናው ሆድ የወረደ አየር ነው። ዝናብ ሲወርድ አየሩን አብሮ ይጎትተዋል፤ ከጠብታው የሚተነው ውሃም ያቀዘቅዘዋል። ይህን ነፋስ ጫፍ ላይ ሆኖ የሰማ ሰው ፎቶ ማንሳቱን ትቶ መውረድ አለበት።

መብረቁ ሩቅ ይሁን ቅርብ የሚለየው በቆጠራ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፅ በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከ30 ሴኮንድ በታች ከተቆጠረ መብረቁ ሊደርስ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው። አስተማማኝ መጠለያ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ነው። ብቻውን የቆመ ዝግባ ሥር መጠለል ግን አደጋን መጥራት ነው። የመብረቁ ኃይል በግንዱ ወርዶ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል፤ በሁለት እግር መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን በአካል ውስጥ የሚያልፈው ኃይልም ይጨምራል። ዛፍ ሥር የተጠለለ ከብት በአንድ መብረቅ ተደርድሮ የሚወድቀው የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ነው። ሜዳ ላይ የተያዘ ሰው እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል እንጂ አይተኛ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል።

ሌላው ብርዱ ነው። ከተማው 24 ዲግሪ ሲሆን ከእሱ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለው ጫፍ ከ14 እስከ 17 ቢሆን ነው፤ በረዶ ከጣለ ከዚያም ይወርዳል። የረጠበ ልብስ ነፋስ ሲያገኘው የሰውነትን ሙቀት በፍጥነት ይመጥጣል። ጋቢ ደረቅ እያለ የሚመስለው የለም፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ከረጠበ ሸክም ብቻ ነው፤ ጂንስም እንደዚያው። ሱፍ ሹራብ ከላዩ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ጋር ይሻላል። ፀሐዩም አይናቅ፤ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብርድ እየተሰማው የሚቃጠል ሰው ብዙ ነው።

ትንበያ መስማት ጥሩ ነው፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የበልግ ትንበያ በየዓመቱ ያወጣል። ነገር ግን ስልክ ላይ የሚመጣው ትንበያ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ባለው ቁራጭ መሬት አማካይ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ሀምበሪቾን የመሰለ ብቻውን የቆመ ተራራ በስሌቱ ውስጥ ተድጦ ጉብታ ይሆናል። «ዱራሜ፣ ከፊል ደመናማ» የሚለው መልእክት ለዱራሜ እውነት ሆኖ ለጫፉ ሐሰት ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ከትንበያው ይልቅ አንጋጫ አካባቢ ያለ ገበሬ ጠዋት ተራራውን አይቶ የሚናገረውን አስቀድማለሁ።

ዝናቡ ቀድሞ ከያዘም መሮጥ አያዋጣም። የረጠበ ድንጋይ ደረጃ ከጭቃ ይልቅ ያንሸራትታል፣ ወገብ ሰባሪውም እሱ ነው። ታች ሲደረስ ደግሞ ጅረቱ አለ። ተራራው ላይ የወረደው ውሃ ሸለቆ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ሰማዩ ከጠራ በኋላም ይሞላል። ጠዋት በድንጋይ ላይ እየተረገጠ የታለፈ ወንዝ ውሃው ደፍርሶ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ መሙላቱን ገና አልጨረሰም፤ ዳር ሆኖ እስኪጎድል መጠበቅ ነው።