«ደክሞኛል» ሲላችሁ ምን ማለቱ ነው? ፖሊስ ልጅ ላላቸው ወላጆች

ከመካከላችን ልጁ፣ የልጅ ልጁ ወይም የእኅቱ ልጅ የፖሊስ ወይም የማጋቭ ልብስ የለበሰ ብዙ ሰው አለ። ልብሱን በለበሰበት ቀን እልል ብለናል፤ ፎቶውንም ሳሎን ላይ ሰቅለናል። ከዓመታት በኋላ ግን ያው ልጅ ከሥራ ሲመለስ ሰላምታው ያጥራል፤ ቡና ሲፈላ አይቀመጥም። «ምን ሆነህ ነው?» ስትሉት «ምንም፣ ደክሞኛል» ይላችኋል። እናንተም «አገሩ አበላሸው፣ ወላጅ ማክበር ተወ» ብላችሁ ታዝናላችሁ። ነገሩ ግን ንቀት ላይሆን ይችላል። በዕብራይስጥ «ሽሒቃ» የሚሉት ነገር ሊሆን ይችላል።

ቃሉ መፈጨት፣ ተፍቆ ማለቅ ማለት ነው። በእጅ የፈጫችሁ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ብዙ እህል ካለፈበት በኋላ ወፍጮው ራሱ ልሙጥ ይሆናል፤ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም። ያን ጊዜ ድንጋዩ ሰነፈ አይባልም፣ ይወቀራል።

የደከመ ሰው ተኝቶ ሲነሣ ይበረታል። ሽሒቃ ያገኘው ሰው ግን ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሣል፤ ለዕረፍት ሄዶ ሲመለስም ሸክሙ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ሽሒቃን በመዝገቡ ሲያስገባ በሽታ ብሎ አልጠራውም፤ መላ ሳይገኝለት የቆየ የሥራ ጫና የሚያመጣው ነገር ነው ብሎ ነው የጻፈው።

የፖሊስ ሥራ ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው። ፈረቃው ይለዋወጣል፤ ሌሊቱ ቀን፣ ቀኑ ሌሊት ይሆናል። ሰንበትም ሆነ በዓል ተረኛ አይቀርም። ደግሞ ሰው ፖሊስ የሚጠራው ደስ ሲለው አይደለም፤ ሲጣላ፣ ሲሰረቅ፣ ሰው ሲሞትበት ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በአንድ ቀን ብቻ ከ50 በላይ ፖሊሶች ተገድለዋል። የተረፉት ጓደኞቻቸውን ቀብረው ወደ ፈረቃቸው ተመልሰዋል።

ታዲያ ይህ ነገር እንዴት ይለካል? የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ ስኳርም በአንዲት ጠብታ ደም ይታወቃል። ሽሒቃ የሚለካው ግን በጥያቄ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክርስቲና ማስላክ ከሱዛን ጃክሰን ጋር በ1981 ያወጡት መጠይቅ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። 22 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ሠራተኛው እያንዳንዱን አንብቦ ነገሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰማው በቁጥር ይመልሳል፤ በጭራሽ ከሆነ 0፣ በየቀኑ ከሆነ 6 ይጽፋል።

ጥያቄዎቹ ሦስት ነገር ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው የስሜት መዛል ነው፤ ለዚህ 9 ጥያቄ አለው። ሁለተኛው የልብ መደንደን ነው፤ 5 ጥያቄ አለው። ልቡ የደነደነ ሰው ፊቱ የቆመው ሰው እንደ ዕቃ ይሆንበታል፣ ደረሰበት አልደረሰበት ግድ አይሰጠውም። ሦስተኛው «ሥራዬ ለሰው ይጠቅማል» የሚለው እምነት ነው፤ 8 ጥያቄ አለው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚያሳስበው። ሦስቱ አይደመሩም፣ ለየብቻቸው ይታያሉ። አንዱ ፖሊስ በጣም ዝሎ ልቡ ግን ገና ለሰው ይራራል፤ ሌላው ብዙም ሳይዝል ልቡ ደንድኗል። ሁለቱ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ አንድ አይደለም።

እዚህ በእስራኤልም አርዬ ሺሮምና ሽሙኤል ሜላሜድ የተባሉ ተመራማሪዎች 14 ጥያቄ ያለው ሌላ መለኪያ አዘጋጅተዋል። እሱ የሰውነትን፣ የአእምሮንና የስሜትን ዝለት ለይቶ ይጠይቃል። የአእምሮ ዝለት ማለት ሐሳብ ሲበታተንና ማሰብ ራሱ ሲከብድ ነው። መሣሪያ ታጥቆ በቅጽበት መወሰን ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ማስላክና ጃክሰን በ1982 ባወጡት ጥናት ፖሊሶቹን ብቻ ሳይሆን ሚስቶቻቸውንም ጠይቀዋል። የሥራው ጫና የበረታባቸው ፖሊሶች ቤት ሲገቡ ቶሎ የሚቆጡ፣ ከቤተሰብ ርቀው መዋል የሚመርጡ፣ በቤት ጉዳይ የማይገቡ ሆነው ተገኙ፤ ትዳራቸውም ተጎድቷል። አያችሁ፣ እናንተ «ተለወጠብን» የምትሉት ነገር በጥናትም የታየ ነው። አለቃው የሚያየው ሪፖርቱን ነው፤ ቤተሰቡ ግን ፊቱን ያያል።

የልብ መደንደን ደግሞ ማኅበረሰባችንን በሁለት በኩል ይነካል። በ2015ና በ2019 ልጆቻችን የፖሊስን አያያዝ ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ፣ ልብሱን የለበሱት ልጆቻችን በመካከል ተይዘው ነበር። «አንተ ከማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ ከፈረቃ የበለጠ ያደክማል። በሌላ በኩል፣ ልቡ የደነደነ ፖሊስ መንገድ ላይ የሚያስቆመውን ወጣት እንደ ሰው ማየት ያቅተዋል። ይህ ለበደል ሰበብ አይሆንም፤ አድልዎ ሁሉ ከድካም ይመጣል ማለትም አይደለም። ነገር ግን ሽሒቃን በጊዜ ለክቶ መላ ማበጀት ለፖሊሱ ብቻ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን እሱ ለሚያስቆመው ልጅም ጥበቃ ነው።

እኔ መምህር ስለሆንሁ ፈተና የሚያሳየውንም የማያሳየውንም አውቃለሁ። ተማሪ ውጤቱ ለቅጣት እንደሚውል ካወቀ ይኮርጃል። ፖሊስም «እውነቱን ብናገር መሣሪያዬን ይቀበሉኛል፣ ዕድገቴ ይቀራል» ብሎ ከፈራ በየመስመሩ ደህና ነኝ ብሎ ይሞላል። ስለዚህ መጠይቁ ስም ሳይጻፍበት ቢሞላ ይሻላል። ከዚያም አለቆች ውጤቱን አይተው ፈረቃውን ማስተካከል፣ ሰው መጨመር፣ ሰውየውን ማዳመጥ አለባቸው። ከሥራ የመጣ ነገር መድኃኒቱም ከሥራው በኩል መጀመር አለበት። ለክቶ ዝም ማለት ግን ምንም አይጠቅምም።

እናንተስ ምን ታድርጉ? በእኛ ባህል «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቻል ጀግንነት ነው። ግን አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትንም አንርሳ። ልጃችሁን እንደ መርማሪ አትጠይቁት፤ ለጥቂት ሳምንታት ሦስቱን ነገር በዝምታ ተመልከቱ። ከዕረፍት ቀኑ በኋላስ ይበረታል? ስለ ሰዎች ሲያወራ ያዝናል ወይስ ያፌዛል? «ምን ጥቅም አለው» የምትለውን ቃል ያበዛል?

«እኛ በሱዳን ስንቱን ችለን አልፈናል፣ አንተ ደመወዝ እየበላህ ታማርራለህ?» አትበሉት። የእናንተ መከራ እውነት ነው፤ ግን ይህች አነጋገር የልጁን አፍ ትዘጋለች። ይልቅ «ልጄ፣ ሥራው ከብዶሃል መሰለኝ» ብላችሁ ተዉት። ዛሬ ባይመልስ ሌላ ቀን ይመልሳል። ከሌሊት ፈረቃ ሲገባ እንግዳ አትጥሩበት፤ ምግቡን አስቀምጡለትና ይተኛ። ምራታችሁን ወይም አማቻችሁንም «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» በሏቸው፤ ሸክሙ እነሱም ጋ አለ።

አንድ ነገር ለዩ። ሽሒቃ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ልጃችሁ ካየው አስደንጋጭ ነገር በኋላ በቅዠት የሚነሣ፣ በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነውና ሐኪም ይየው። በኩፓት ሆሊም ያለው የቤተሰብ ሐኪም ወደ ባለሙያ ይመራዋል። ሞትን የሚመኝ ቃል ከሰማችሁ ደግሞ ለነገ አትበሉ። መሣሪያው ከእጁ እንዲርቅ አድርጉ፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ወዲያውኑ አምቡላንስ በ101 ጥሩ። በ1201 ደግሞ የኤራን ሰዎች ሌሊትም ቀንም ስልክ ያነሣሉ፤ ለምክር እናንተ ራሳችሁም መደወል ትችላላችሁ።