ሺህ እጥፍ የምታሳስት ፊደል

ባለፈው ዓመት ለእናቴ የታዘዘላትን የእንቅርት ዕጢ መድኃኒት ልገዛ ሰፈራችን ወዳለ ፋርማሲ ጎራ አልኩ። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ደጋግማ አየችና «ይኼ እኮ 50 ሚሊግራም ይመስላል!» ብላ ወደ ሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ የጻፈው 50 ማይክሮግራም ነበር። የተነበበው ልክ ቢሆን ኖሮ እናቴ በአንድ ቀን 1 ሺህ ፍሬ ልትውጥ ነው!

የጣጣው መነሻ «ሚዩ» የምትባለው 12ኛዋ የግሪክ ፊደል ናት። ከመለኪያ ስም ፊት ስትቀመጥ «ማይክሮ»፣ ማለትም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። በጥድፊያ ሲጽፏት ግን የላቲኗን «ኤም» ትመስላለች፤ «ኤም» ደግሞ ሚሊ ወይም አንድ ሺህኛ ናት።

ሚዩ ሥራ የበዛባት ፊደል ናት። በስታትስቲክስ የአንድን ሕዝብ አማካይ ትወክላለች። በፊዚክስ የሰበቃ መጠን መለኪያ ናት። ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ያለው ሚዩ ዝናብ ሲጥል ይቀንሳል፤ በግማሽ ከቀነሰ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ፍሬን የያዘች መኪና ለመቆም እጥፍ ርቀት ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ1936 አንደርሰንና ኔደርማየር ያገኙት «ሚዩኦን» የተባለው ቅንጣትም ስሙን የወሰደው ከእርሷ ነው። ክብደቱ የኤሌክትሮንን 207 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ አማካይ ዕድሜው 2.2 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ዕድሜው እንኳን የሚጻፈው በዚያችው ፊደል ነው!

ለእኛም ባዕድ አይደለችም። ግሪኮች የወሰዷት ከፊንቄያውያን «ሜም» ሲሆን፣ ትርጉሙም ውኃ ነው። የእኛ «መ» በግዕዝ «ማይ» ትባላለች፤ ያው ውኃ። ግሪኮች በሚዩ 40ን ይጽፉ ነበር፤ የግዕዝ ቁጥሮችም ከግሪክ ፊደላት የመጡ በመሆናቸው የእኛዋ ፵ የእርሷው ልጅ ናት።

ወደ ፋርማሲው ልመለስ። እንክብል ሲሆን ብዛቱ ራሱ ስህተቱን ያጋልጣል። በመርፌ በሚሰጡ መድኃኒቶች ግን ሺህ እጥፉ እንዲህ በቀላሉ ላይታይ ይችላል። ስለዚህም ነው በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች «ማይክሮግራም» የሚለውን ቃል ሳያሳጥሩ እንዲጽፉ የሚመከሩት። እኛም መድኃኒት ስንቀበል አንዲት ጥያቄ ብንጠይቅ አያሳፍርም፦ «ሚሊ ነው ማይክሮ?»