ሰፊ ግንባር የወረስኩት ከማን ነው?

እናቴ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፡፡ አያቴ መሀል ላይ ተቀምጣለች፤ እናቴ በቀኟ፣ አክስቴ በግራዋ ቆመዋል፡፡ ሦስቱም ሹሩባ ተሠርተዋል፡፡ ሦስቱም ግንባራቸው ሰፊ ነው፤ በተለይ በግራና በቀኝ፣ ከቅንድባቸው ጫፍ በላይ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል፡፡ ቤታችን የመጣ እንግዳ ፎቶውን ባየ ቁጥር "የእናንተ ቤት ግንባር እኮ!" ይላል፤ እኛም እንስቃለን፡፡ እናላችሁ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የእኔም ግንባር መስፋት ሲጀምር ከቤተሰቡ ማንም አልደነገጠም፡፡ የዘር ነዋ!

እኔ ግን ደንግጫለሁ፡፡ መጀመሪያ ሻሽ ማሰር አበዛሁ፡፡ ቀጥሎ የሳሳውን ቦታ በኩል እርሳስ መሙላት ተማርኩ፡፡ ከሩቅ ሲታይ ፀጉር ይመስላል፤ ፎቶ ላይም ያምራል፡፡ ችግሩ ላብ ነው፡፡ አንድ ጊዜ ዘመድ ቤት መልስ ተጠርቼ እስክስታ ስወርድ ኩሉ ቀልጦ ወደ ቅንድቤ ወረደ፡፡ አጠገቤ የነበረች ሴት ምንም ሳትል ሶፍት አቀበለችኝ፡፡ ምንም አለማለቷ ነው የባሰብኝ፡፡

ጎረቤት የሚመክረውን ሁሉ ሞክሬያለሁ፡፡ የጉሎ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት... (ነጭ ሽንኩርቱን ማንም እንዳይሞክረው፤ ቆዳ ያቃጥላል፡፡ ለሳምንት ያህል ግንባሬ ቀልቶ ነው የከረመው፡፡) በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፡፡ ሐኪሟ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው፡፡ ቆረቆር ነው ወይም ላሽ ነው ብለው መድኃኒት ይጽፉልኛል ብዬ ስጠብቅ በማጉያ መነጽር ግንባሬን እያዩ ጥያቄ ጀመሩ፡፡

"ፀጉርሽን ከተሠራሽ በኋላ ያምሻል?" አዎ፤ የማያማት አለች እንዴ? "በግንባርሽ ዳር ዳር ትንንሽ ብጉር ይወጣል?" አዎ፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠፋል፡፡ "ወንድሞች አሉሽ?" ሁለት፡፡ "የእነሱ ግንባርስ እንዴት ነው?"

እዚህ ላይ ዝም አልኩ፡፡ ትልቁ ወንድሜ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ፀጉሩ ግንባሩ ድረስ ሞልቶ የተተከለ ነው፡፡ ታናሹም እንደዚያው፡፡ ሐኪሟ መነጽራቸውን አስቀምጠው "የወረስሽው አይመስለኝም፤ የተጎተተ ነው" አሉኝ፡፡

ነገሩ በሕክምናው ዓለም ትራክሽን አሎፔሺያ ይባላል፡፡ በአማርኛ ሲገለጽ ፀጉር በተደጋጋሚ ከመጎተቱ የተነሳ የሚመጣ መመለጥ ነው፡፡ አዲስ ግኝትም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ፀጉራቸውን ወደ ላይ ሰብስበው አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ታይቶ ተጽፎበታል፡፡ ከዚያ ወዲህ ጥምጥማቸው ሥር ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ የሲክ እምነት ተከታይ ወንዶችና በባሌት ዳንሰኞች ላይም ታይቷል፡፡ ስለዚህ የሀበሻ በሽታ አይደለም፤ ማንም ይሁን ማን ፀጉሩ ሳያቋርጥ ከተጎተተ ያገኘዋል፡፡

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ፡፡ ጭንቅላታችን ላይ መቶ ሺህ ገደማ ፀጉር አለ፡፡ እያንዳንዱ በቆዳ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ከረጢት ይበቅላል፣ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፣ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ሲያድግ ኖሮ ያርፍና ይረግፋል፤ ከዚያው ከረጢት ሌላ ይተካል፡፡ በቀን ከሃምሳ እስከ መቶ ፀጉር ሚዶ ላይ ማየት እንግዲህ የጤና ነው፡፡ ፀጉሩ በኃይል ሲሳብ ግን ከረጢቷ ትቆስላለች፡፡ ቁስሉ መጀመሪያ ሕመም ነው፤ ቀጥሎ መቅላትና እነዚያ ትንንሽ ብጉሮች ናቸው፡፡ እዚህ ደረጃ ላይ መጎተቱ ከቆመ ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይመለሳል፡፡ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቷ በጠባሳ ትተካለች፡፡ ጠባሳ ደግሞ ፀጉር አያበቅልም፤ የትኛውም ዘይት ቢቀባ አያበቅልም፡፡

መጀመሪያ የሚጎዳው የግንባሩ ዳርና የጆሮ አካባቢ ነው፤ እዚያ ያለው ፀጉር ቀጭን ነው፣ አጥብቆ መሳብ የሚጀመረውም ከዚያው ነው፡፡ ሐኪሞች ከሌላው መመለጥ የሚለዩበት አንድ ምልክትም አለ፡፡ ጠርዙ ላይ አጭር ስስ ፀጉር ይቀራል፤ ከእሱ በስተኋላ ያለው ሜዳ ይሆናል፡፡ ያ ስስ ፀጉር የተረፈው አጭር ስለሆነ ነው፤ ሹሩባው ውስጥ አልገባም፡፡ እኔ እሱን በጄል እያስተኛሁ "ቤቢ ሄር" ስለው ነበር!

በዘር የሚመጣው የሴቶች ፀጉር መሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚታየው መሀል አናት ላይ ነው፤ የመከፈያው መስመር እየሰፋ ይሄዳል፣ የግንባሩ ጠርዝ ግን ባለበት ይቆያል፡፡ የእኛ ቤት ተቃራኒው ነው፡፡ አናታችን ሙሉ፣ ዳሩ ባዶ፡፡ ሦስት ትውልድ ሙሉ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም፡፡ (ግንባሩ የሸሸ ሁሉ በሹሩባ ነው ማለቴ አይደለም፡፡ ካረጡ በኋላ ከቅንድብ መሳሳት ጋር የሚመጣ ሌላ ዓይነትም ስላለ ሐኪም ማየቱ አይቀርም፡፡)

ቁጥሩን ለሚፈልግ በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን የቆዳ ሐኪሟ ኖንላንላ ኩማሎና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጧቸው ጥናቶች ካዩዋቸው አዋቂ ሴቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ ይህን ጉዳት አግኝተዋል፡፡ ከተማሪ ልጃገረዶች መካከል ደግሞ ከመቶ 17 ያህሉ ላይ፡፡ ልጃገረዶች! እኔ እዚህ ቁጥር ላይ ስደርስ ስለ ራሴ ማሰብ አቆምኩ፡፡ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ሹሩባ የምትሠራት ደግሞ ያቺው ፎቶው ላይ ያለችው እናቴ ነች፡፡

ጉዳቱን የሚያባብስ ሌላ ነገርም አለ፤ በኬሚካል የለሰለሰ ፀጉርን አጥብቆ መሥራት፡፡ እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፡፡ ሪላክሰር ውስጥ ያለው ዋና ነገር ብዙ ጊዜ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እኛ ካስቲክ ሶዳ የምንለው፣ ሳሙና የሚሠራበትና የተዘጋ ቱቦ የሚከፈትበት፡፡ "ላይ የለውም" ተብሎ የሚሸጠውም በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ኃይለኛ ነው፡፡ የፀጉርን ፕሮቲን ጠምዝዘው የያዙትን የድኝ ማሰሪያዎች ይበጥሳል፤ ፀጉሩ የሚተኛው ለዚህ ነው፡፡ የተበጠሰው አይመለስም፤ በየሁለት ወሩ ፀጉር ቤት የምንመላለሰውም ከሥር የሚበቅለው ከርዳዳ ሆኖ ስለሚመጣ ነው፡፡ እንግዲህ እንዲህ ማሰሪያው የላላ ፀጉር በማግስቱ ተጎትቶ ሲሠራ፣ ወይም ክብደት ያለው ሂውማን ሄር ሲሰፋበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፡፡ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ ነው የሐኪሞቹ ምክር፡፡

ስለ ማለስለሻ ካነሳሁ አይቀር፣ በአሜሪካ 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት የተከታተለ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል፡፡ ማለስለሻ ተጠቅመው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው የማህፀን ካንሰር የሚይዛቸው ከመቶ 1.64 ሲሆን፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በሚጠቀሙት ላይ 4.05 ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ተያያዥነት ታየ ማለት እንጂ ማለስለሻው ካንሰር አመጣ ተብሎ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፡፡ ቢሆንም እኔ ትቼዋለሁ፤ ወሬውን ለማንም አላስገድድም፡፡

ወደ ሹሩባችን ልመለስ፡፡ ሰው ይህን ሲሰማ ሹሩባ ልታስጥለን ነው እንዳይለኝ፡፡ ሹሩባ በእኛ አገር የሴት ማጌጫ ብቻ አይደለም፤ አፄ ቴዎድሮስም ሹሩባ ነበራቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ካረፉ በኋላ እንግሊዞች ቆርጠው የወሰዱት ፀጉራቸው ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፡፡ እንዲያውም በልኩ የተሠራ ሹሩባ ለከርዳዳ ፀጉር ይጠቅማል፡፡ ከርዳዳ ፀጉር ከጭንቅላት ቆዳ የሚወጣው ቅባት በጥምዝምዙ ላይ ተንሸራትቶ ጫፉ ድረስ ስለማይደርስ ቶሎ ይደርቃል፣ በሚዶም ቶሎ ይበጠሳል፡፡ ሲጎነጎን ግን ከማበጠሪያ ያርፋል፡፡ እናቶቻችን ቅቤ መቀባታቸውም ልክ ነበር፡፡ ቅቤው ሥሩን አይመግብም፤ ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፣ አይበላም፡፡ ነገር ግን ሸፍኖ እርጥበቱን ያቆይለታል፡፡

ጥፋቱ ያለው ማጥበቁ ላይ ነው፡፡ ለምን እንደምናጠብቅ ደግሞ ፀጉር ቤት የምትሠራኝን ልጅ ጠይቄአት ነበር፡፡ "ካላጠበቅሁት ሳምንት ሳይሞላው ላላ ብለው ተመልሰው ይመጣሉ፣ ገንዘቤን መልሺ ይሉኛል" አለችኝ፡፡ እውነቷን ነው፡፡ እኔ ራሴ "ጠበቅ አድርጊው፣ ሦስት ሳምንት ይቆይልኝ" ብያታለሁ፡፡ ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሳያበጥሩ ሥራ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገንዘቡም እንደዚያው፡፡ የቆዳችንን ዕዳ የጨመርነው ጊዜና ብር ለመቆጠብ ነው፡፡

ለእናቴ መንገሩ ከበደኝ፡፡ እሑድ ልጄን በጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ስትጀምር ሐኪሟ ያሉኝን በጨዋ አንደበት ልነግራት ሞከርኩ፡፡ ሳልጨርስ "ታዲያ እኔ ነኝ የመለጥኩሽ?" አለችኝ፡፡ እንደዚያ አላልኩም፤ ግን እንደዚያው ነበር፡፡ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብላ የልጄን ፀጉር በጣቷ ስትከፍል ቆየች፡፡ ከዚያ ስለ ራሷ እናት ታወራ ጀመር፡፡ ስትሠራት ዓይኗ እስኪሳብ ድረስ ታጠብቅ እንደነበር፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት ትራሷ ላይ ጭንቅላቷን ማሳረፍ እንደማትችል፣ ካለቀሰች ደግሞ "ውብ መሆን አትፈልጊም?" ትባል እንደነበር፡፡ "እኔ እኮ" አለች ቆይታ፣ "ስንተኛ ሁላችንም እንደዚያ የሚያመን ይመስለኝ ነበር፡፡"

የእኔ ግንባር ሐኪሟ እንዳሉት ግማሹ ይመለሳል፣ ግማሹ አይመለስም፡፡ ሚኖክሲዲል የሚባል የሚቀባ መድኃኒት አዘውልኛል፤ ድሮ የደም ግፊት ክኒን የነበረ ነው፡፡ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት አትጠቀመውም፤ ለውጡም የሚታየው ከአራት ወር በኋላ ነው፡፡ አሁን ስድስተኛ ወሬ ነው፡፡ በቀኝ በኩል የሚወጋ አጭር ፀጉር በጣቴ ይሰማኛል፡፡ በግራ በኩል ቆዳው እንደ ብርጭቆ ያንጸባርቃል፤ እዚያ ምንም የለም፡፡ ኩል እርሳሱን አልጣልኩትም፡፡

ልጄን በተመለከተ የተስማማንበት ሕግ አጭር ነው፡፡ ግንባሯ ዳር ያለው ፀጉር አይጎነጎንም፣ ሹሩባው ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፣ ሲፈታም አንድ ሳምንት ያርፋል፡፡ "አመመኝ" ካለች ደግሞ እናቴ ትፈታዋለች፡፡ ያለፈው እሑድ በረንዳው ላይ እናቴ ዱካዋ ላይ፣ ልጄ አጎዛው ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ ከወጥ ቤት ሆኜ እሰማቸው ነበር፡፡

"አመመሽ?"

"አይ እማማ፡፡"

"እውነቱን ተናገሪ፡፡"

"...ትንሽ፡፡ ይቺኛዋ፡፡"

እናቴ ፈታችው፡፡ ሐሙስ ዕለት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱ ጉንጉኖች ተፈትተው ትከሻዋ ላይ ወድቀዋል፡፡ እናቴ "ይኸው! አላልኩሽም?" ብላኝ፣ እያጉረመረመች ሚዶዋን ፍለጋ ተነሣች፡፡